የካፋ መንገድና የመምህሩ ሦስት ደብዳቤዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ ቦንጋን ያገኛል። ቦንጋ የካፋ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተመሠረተ ጊዜም ከክልሉ መንግሥት መቀመጫዎች አንዲቱ ሆናለች። ስለዚህች አገር ደን፣ ስለ ቡናዋና ስለ ማርዋ ብዙ ተጽፏል። እኔ በዚህ ገጽ ልጽፍ ያሰብሁት ግን፤ ከዚያች አገር ተነሥቶ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከብዙ ጥሪ አንዱን ለመምረጥ ምን ምን መመርመር እንዳለበት ነው። ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ነገር ቢመስልም፤ ዛሬ ከልጆቹ አንዱን ወደ ውጭ አገር ያልሸኘ ወይም ለመሸኘት ያላሰበ ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፤ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የጕዞዬም ምክንያት ይህ ነው። ታላቅ እኅቴ በቦንጋ ባል አግብታ ወልዳ የምትኖር ናት። የበኵር ልጅዋ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነው፤ ቀን ተማሪዎችን፤ ማታ ደግሞ ሥራ ውለው የሚመጡ ጎልማሶችን ያስተምራል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የሥራ ደብዳቤ ደረሰውና ቤቱ በምክር ተከፈለ። አባትየው ብዙ ገንዘብ ያለበትን፤ እናትየው ቅርቡን፤ ልጁም አንድ ቀን አንዱን አንድ ቀን ሌላውን መረጡ። በመጨረሻ እኅቴ፤ «አንተ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የሰውን ውል ስትገለብጥ የምትውል ነህና፤ መጥተህ የኛንም እይልን» ብላ ላከችብኝ። እኔም የዓመት ፈቃዴን ተቀብዬ መንገድ ጀመርሁ።

የጅማ መንገድ ራሱ የመምህራን ታሪክ ያለበት መንገድ ነው። ሰበታንና ቱሉ ቦሎን ካለፉ በኋላ ወሊሶ ይደረሳል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን መምህራን ወደ ኢትዮጵያ በሰደደ ጊዜ፤ ፖል ሶንጋስ የሚባል ወጣት በዚህች በወሊሶ ተመድቦ ሲያስተምር ቆየ። ወደ አገሩ ተመልሶም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1984 ዓ.ም. ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት እንዲያጨው ከተወዳደሩት አንዱ ነበረ፤ በኢትዮጵያ ያሳለፈውንም ጊዜ ጠባዩን የቀረጸ ጊዜ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ከሰላም ጓዶቹ ሌላ የህንድ መምህራን፤ በተለይም ከኬራላ አገር የመጡት፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ያስተማሩ እንደ ነበሩ ዕድሜአቸው የገፋ ሹማምት ዅሉ ያስታውሳሉ። ደግሞም በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ በተደነገገ ጊዜ፤ ብዙዎቹ የሄዱት ለማስተማር ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የመምህር ስደትን አዲስ ነገር አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ያ ከኬራላ የመጣው መምህር አስቀድሞ በቤቱ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ደብዳቤ ከሌላ አገር ደብዳቤ ጋራ አስተያይቷል፤ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፤ የመርከቡን ወይም የአውሮፕላኑን ዋጋ ማን እንደሚከፍል፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠይቋል። እናቱም አልቅሳለች። እንግዲህ ትናንት ለኛ የተደረገው ዛሬ ከኛ ዘንድ ተነሥቶ ለሌላ ቢደረግ፤ ነውርም ድንቅም አይደለም። ነውሩ ሳይጠይቁ መሄድ ነው።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ቆላ ይወርዳል፤ ተሻግሮም ወደ ጅማ ይወጣል። ከጅማ እስከ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸቤን ካለፉ በኋላ ጎጀብ የሚባለው፤ ውሃውን ለኦሞ የሚሰጠው ወንዝ ይገኛል፤ ይህም በቀድሞ ዘመን የካፋ መንግሥት ወሰን ነበረ። የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በጉድጓድ አጥርና በበር ያስጠብቁ ስለ ነበሩ፤ ከውጭ የሚመጣ ነጋዴ ያለ ፈቃድ አይገባም ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሻሮቾ በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ድል እስከሆነ ድረስ ይህ ሥርዓት ጸንቶ ኖረ።

በዚያ በተዘጋ በር ከገቡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ የካቶሊክ ጳጳስ የነበረው ጉልየልሞ ማሳያ፤ በአገራችን አነጋገር አባ ማስያስ ነው። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ካፋ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ ከዚያም ንጉሡ ከአገር አስወጣው። እርሱ ሰው ለማስተማር ከመነሣቱ በፊት የሰዉን ቋንቋ ለመማር የደከመ ሰው ነበረ፤ ለሚስዮናውያን መማሪያ እንዲሆን ያዘጋጀው የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ ታትሟል። ከርሱ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፤ በሰው አገር የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ተማሪ መሆን እንዳለበት ነው። ሁለተኛም፤ የጋበዘህ ሰው በማግሥቱ ሊያስወጣህ የሚችል እንደ ሆነ፤ መውጫህን አስቀድመህ ማወቅ እንደሚገባህ ነው።

ጎጀብን ከተሻገሩ በኋላ ደኑ ይቀበላል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ክምችት ሥፍራዎች አንዱ ብሎ መዝግቦታል፤ ስፋቱም ወደ 760,000 ሄክታር ይደርሳል። በዚህ ደን ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው የሚበቅል ቡና አለ፤ ኮረሪማውና ጥምዙም ከዚያው ይለቀማል፤ ቀፎው በረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በቦንጋ ከተማም የቡና ቤተ መዘክር ተሠርቷል። ነገር ግን በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ቡና ከግማሽ የሚበልጠው ወገን ስሙ ዐረቢካ ነው። ዋጋውም በኒው ዮርክ ገበያ ይቈረጣል። ከዚህ አገር የወጣው ፍሬ የሌላ አገር ስም ይዞ፤ ሌላ ሰው በቈረጠለት ዋጋ ይኖራል። ፍሬው አፍ የለውምና መጠየቅ አልቻለም፤ ሰው ግን መጠየቅ ይችላል።

ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፤ ጧት ጧት ጉም የሚሸፍናት ከተማ ናት። በደረስሁ ማግሥት ከእኅቴ ቤት ቆጮና ጎመን በልተን ቡና ከጠጣን በኋላ፤ የእኅቴ ልጅ ደብዳቤዎቹን አምጥቶ ዘረጋቸው።

የመጀመሪያው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንደኛው ከሚገኝ የኩባንያ ማሠልጠኛ የመጣ ነው። ጎልማሳ ሠራተኞችን እንግሊዝኛ እንዲያስተምር ይጠራዋል። ደመወዙ ከሁለተኛው ደብዳቤ ሦስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው ከደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ከጁባ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት በሆነች ጊዜ እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አደረገች፤ ነገር ግን ከሹማምትዋና ከጸሐፊዎችዋ ብዙዎቹ በዐረብኛ የተማሩ ስለ ነበሩ፤ ጢማቸው ከሸበተ በኋላ እንግሊዝኛ ለመማር ተገደዱ። ደብዳቤውም እንዲህ ያሉትን የቢሮ ሰዎች ለአንድ ዓመት እንዲያስተምር የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛው ከዚያው ከቦንጋ ነው፤ የማታ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ትምህርቱ በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አምስት ቀን ከፍ እንዲልና እነርሱም በየወሩ ገንዘብ እንዲያዋጡለት ፈርመው የሰጡት ወረቀት ነው። መዋጮው ከሁሉ ያነሰ ነው።

«ጋሼ፤ ወደ ሩቅ ምሥራቅም ጽፌ ነበር» አለኝ። የኮርያ መንግሥት እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠውን የመግቢያ ፈቃድ በተለምዶ የሚሰጠው የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራልያ፣ የኒው ዚላንድ፣ የአየርላንድና የደቡብ አፍሪካ ዜጎች ለሆኑት ነው። ስለዚህ ያ በር ለርሱ የተዘጋ ነበረ። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ልጆቻችን ሊከፈትላቸው በማይችል በር ፊት ለደላላ ገንዘብ ይከፍላሉና።

ደብዳቤዎቹን ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኋቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው፤ በቍጥር 1731 እንደ ተጻፈው፤ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ይጸናል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፤ የፊርማ ወለምታማ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ አምስት ጥያቄ ጻፍሁለትና ለሁሉም እንዲልከው መከርሁት። ለአንባቢዎችም እነሆ።

አንደኛው፤ ከደመወዙ ምን ይተርፋል የሚል ነው። በደብዳቤ ላይ የሚታየው ቍጥር የአሠሪው ቍጥር ነው፤ ከቤት ኪራይ፣ ከምግብ፣ ከሕክምናና ከመመላለሻ በኋላ በእጅ የሚቀረው ግን የሠራተኛው ቍጥር ነው። ደግሞም የውጭውን ገንዘብ በብር መንዝሮ መደሰት ያታልላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ይህ ለውጥ በቤት ያለውን አባት ያስደስት ይሆናል፤ በዚያ አገር ሆኖ ዳቦ ለሚገዛው ልጅ ግን አንድ ሳንቲም አይጨምርለትም።

ሁለተኛው፤ የመሄጃውን ወጪ የሚከፍል ማን ነው የሚል ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923/2008፤ በኋላም በአዋጅ ቍጥር 1246/2013 የተሻሻለው፤ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ጕዞን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድንንም ወጪ አሠሪው እንዲከፍል ያዛል፤ ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ የሐኪም ምርመራውንና እነዚህን የመሰለውን ይከፍላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ «የጕዞ ወጪ በስምምነት» ይላል። ደግሞም ጎልማሶችን የማስተማር የምስክር ወረቀት እዚያ ከደረሰ በኋላ እንደሚያሰጡት፤ ዋጋው ግን ከደመወዙ እንደሚቈረጥ በታችኛው መሥመር በጥቃቅን ፊደል ጽፏል። ከእነዚህ ወረቀቶች የታወቀው የኬምብሪጁ ሴልታ ሲሆን፤ 120 ሰዓት ትምህርትና 6 ሰዓት በእውነተኛ ጎልማሶች ፊት ማስተማር ያለበት ነው። መልካም ወረቀት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ወረቀት እንደ ሆነና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ካልተጻፈ፤ የማያልቅ ዕዳ ይሆናል።

ሦስተኛው፤ ፓስፖርቱ በማን እጅ ይቀመጣል፤ ሥራ ቢለቅስ ምን ይሆናል የሚል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋራ የተሳሰረ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎች የግል ድርጅት ሠራተኞች በተወሰነ ሁኔታ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጡና ከአገር እንዲወጡ ተፈቅዷል፤ የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ አልተጨመሩም። ስለዚህ ሕጉን አምኖ ዝም ማለት አይበቃም፤ የአሠሪውን ልማድ ጠይቆ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

አራተኛው፤ የማስተምረው ማንን ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሚል ነው። የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቶ የሁለት ሰው ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ፤ ለጋስ ይመስላል። ተማሪው ወዶ የሚመጣ ይሁን ታዝዞ የሚመጣም መጠየቅ ይገባል፤ ጎልማሳን ያለ ፈቃዱ ማስተማር ከሁሉ የከበደ ነውና።

አምስተኛው ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ የእኅቴ ነው። እርስዋ እንግሊዝኛ አታነብም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንሥታ አየቻቸውና፤ «የመመለሻው ቀን የቱ ላይ ነው የተጻፈው?» አለች። በጁባው ደብዳቤ ላይ ቀኑ ከነ ወሩ ከነ ዓመቱ ተጽፎ ስለ ነበረ በጣቴ አሳየኋት። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ «አሠሪው እስከ ፈለገ ድረስ» የሚል ብቻ ነበረበት። እርስዋም ምንም ሳትናገር ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ለይታ አኖረችው።

በዚያው ሰሞን ማታ ማታ የጎልማሶቹን ትምህርት ተቀምጬ አየሁ። ከቡና ገበሬዎች ማኅበር የመጣ የሒሳብ ሹም፤ እንግዶችን በደን የሚመራ ጐበዝ፤ አንዲት ነርስ፤ ሌሎችም ነበሩ። የሒሳብ ሹሙ ከባሕር ማዶ ገዢ የመጣ የቡና ውል ይዞ መጥቶ ነበር። በውሉ ላይ ሽያጩ የሚጸናው ናሙናው በገዢው ታይቶ ሲፈቀድ ነው የሚል ቃል አለ። ሰውየው ግን «ናሙና» እና «መፍቀድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ስለ ለየ፤ ናሙናችን ተፈቅዷል ማለት መስሎት ለማኅበሩ የምሥራች ሊነግር ነበር። የእኅቴ ልጅ ቃሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፤ «ከተፈቀደ» እና «ተፈቅዷል» የሚለያዩበትን አስረዳ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ዅሉ ዝም አለ። ያንን ወረቀት በስሕተት ተረድተው ቡናውን ለሌላ ገዢ ሳይሸጡ ቢጠብቁ ኖሮ፤ የስንት ቤት የዓመት ልፋት በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር እንደ ነበረ ሁሉም ገብቶታልና።

ከዚህ በኋላ ልጁ ለመሄድ ያለው ልብ እንደ ቀዘቀዘ አየሁ። እኔ ግን በዚህ ብቻ ቅር አልሁት አልመከርሁትም። ሦስት ታናናሾች አሉት፤ የአባቱ ጤናም እንደ ቀድሞው አይደለም። የማታ ተማሪዎቹ መዋጮ ይህን ቤት ሊሸከም አይችልም። አገርን መውደድ የተራበ ቤት ውስጥ ሲሆን ለአገሩም አይጠቅምም። የጁባም ነገር ፍርሃት አለበት፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እንደገናም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሰው አልቋል፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተፈረመው የሰላም ውልም አገሩን ፈጽሞ አላሳረፈውም። እናቲቱ ይህን አውቃ ሌሊት እንደማትተኛ ነግራኛለች።

ለአምስቱ ጥያቄ መልስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። የባሕረ ሰላጤው ማሠልጠኛ ለሁለቱ ብቻ መለሰ፤ ስለ ፓስፖርቱም «ለጥንቃቄ በእኛ ዘንድ ይቀመጣል» አለ። የጁባው ለሁሉም መለሰ። መልሱም ዅሉ የሚያስደስት አልነበረም፤ ባለፉት ዓመታት ደመወዝ የዘገየበት ወራት እንደ ነበረ ሳይደብቅ ጽፎ፤ ስለዚህ የሁለት ወር ደመወዝ አስቀድሞ እንደሚከፍልና ጸጥታ ቢጠፋ የመመለሻውን አውሮፕላን እርሱ እንደሚችል በውሉ ላይ ጨመረ። የእኅቴ ልጅ፤ «ጋሼ፤ ክፉውን የነገረኝን ሰው ማመን ይቀለኛል» አለ። አባትየው ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፤ «እንግዲህ ዓመቱ አንድ ብቻ ይሁን» ብሎ ፈቀደ። ውሉም ከመፈረሙ በፊት ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እንዲታይ ተስማማን።

የማታው ትምህርት እንዳይበተን በዚያው ከተማ የምታስተምር አንዲት ባልደረባው ክፍሉን ተቀብላለች። ተማሪዎቹም የጻፉትን የመዋጮ ወረቀት አልቀደዱትም፤ የርሷን ስም በርሱ ስም ፋንታ አግብተው እንደገና ፈረሙበት። የቡናው ሒሳብ ሹም ፊርማውን ሲያኖር፤ የሚጀምርበትንም የሚያልቅበትንም ቀን ከነ ወሩ አስጻፈ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ልጃችሁ፣ እኅታችሁ ወይም የምታሳድጉት ሰው ከውጭ አገር ደብዳቤ ይዞ ቢመጣባችሁ፤ በደመወዙ ቍጥር አትጀምሩ። የሚተርፈውን፣ ከፋዩን፣ የፓስፖርቱን ጠባቂ፣ የሥራውን ልክና የመመለሻውን ቀን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥያቄውን እንደ ስድብ የሚቈጥር አሠሪ ገና ሳይቀጥር ጠባዩን አሳይቷልና፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ መተው ነው። የመለሰላችሁንም ቢሆን ቤተ ሰቡ ዅሉ ተሰብስቦ ይስማው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ልጁን የወለደችው እናት፤ ፊደል ባታውቅም እንኳ፤ የመመለሻው ቀን የተጻፈበትን ሥፍራ በጣቷ ትንካው።